«አንድ ብረት አውጣለት፣ ይለሰልሳል» — እውነት ወይስ ተረት?

ከዋና መንገድ ወጣ ብሎ የተጓዘ ኢትዮጵያዊ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘርን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ የዋለው ይህ መኪና ፒክአፕ ሆኖ እህልና ሲሚንቶ ይጭናል፣ ሃርድቶፕ ሆኖ ክትባትና ባለሙያ ያመላልሳል፣ አምቡላንስ ሆኖ ደግሞ ምጥ የያዛትን እናት ከኮረኮንቹ አውጥቶ ሆስፒታል ያደርሳል። ኋላ የተቀመጠ ወይም የተኛ ሰው ያለው ከኋላ ጎማዎች በላይ ስለሆነ፣ ጋቢና ውስጥ ያለው ሹፌር ያላየውን ጉዳት አጥንቱ ላይ ያየዋል። «መኪናዬ አንገጫገጨኝ፣ አለስልሱልኝ» ብሎ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ቅንጦት አልጠየቀም፤ ጥያቄው ጨዋ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

የሚያሳዝነው የሚሰጠው መልስ ነው። በየጋራዡ፣ በየጎሚስታው፣ በሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ ሲነገሩ የኖሩ መፍትሔዎች አሉ። ጥቂቶቹ እውነት ናቸው፣ ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ።

ወደ እነሱ ከመግባታችን በፊት ባዶ ፒክአፕ ለምን እንደሚደርቅ እንይ። ከአክስሉ ጋር የታሰረው የተደራረበ ብረት፣ ባሌስትራው፣ የተሠራው ወደ 1 ቶን የሚጠጋ ጭነት እንዲሸከም ነው። የመኪናው ክብደት ባሌስትራውን በሰፊው ካጎበጠው አካሉ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ በጥቂቱ ብቻ ካጎበጠው ቶሎ ቶሎ ይዘላል። በስሌት ሲቀመጥ፣ ክብደቱ ባሌስትራውን 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረገው አካሉ በሰከንድ 1.3 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን 2.2 ጊዜ ይደርሳል። ምቹ የቤት መኪና በ1 እና በ1.5 መካከል ነው። ባዶ ፒክአፕ ያለ ምንም ብልሽት ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልቀንስ?» ሳይሆን «ይህ መኪና በአብዛኛው ስንት ኪሎ ይጭናል?» የሚለው ነው።

«ባሌስትራው ላይ ብረት ስለበዛ ነው። አንድ ሁለት ብናወጣለት ይለሰልሳል።»

ግማሽ እውነት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምፈራውም ይህንኑ ነው።

እውነቱ ይህ ነው፦ እኩል ውፍረት ካላቸው 5 ብረቶች አንዱ ቢወጣ ባሌስትራው ወደ 20 ከመቶ ገደማ ይለሰልሳል። የማይነገረው ቀሪው ሒሳብ ነው። ያንኑ ጭነት አሁን 4 ብረቶች ስለሚሸከሙት በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ25 ከመቶ ይጨምራል። ብረት የሚሰበረው በአንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ መካከለኛ ምቶች ተደማምረው ይሰብሩታል። ኮረኮንች ደግሞ እነዚህን ምቶች በአንድ ቀን ያቀርባል። ለስላሳ ሆኖ ከጋራዥ የወጣው መኪና ከወራት በኋላ ዘጠኝ ሰው አሳፍሮ ቁልቁለት ሲወርድ ዋናው ብረት ቢሰበር፣ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ባሌስትራ ክብደት ብቻ አይሸከምምና፤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር አስተካክሎ የሚይዘውም እሱ ነው።

የሚወጣው ብረት የትኛው እንደሆነም ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከሥር ያለው ወፍራምና ቀጥ ያለ ብረት መኪናው ባዶ ሲሆን ሥራ ላይ የለም፤ ጭነት ሲበዛ ብቻ ነው ከሌሎቹ ጋር ተጋጥሞ የሚያግዘው። ሰው «ወፍራሙን አውጡልኝ» ይላል፣ ያወጡለታል፣ ባዶውን ሲነዳው ልዩነት አይሰማውም፣ ሲጭን ግን መኪናው ኋላው ይወድቃል። ከላይ በኩል ሁለተኛው ብረት ደግሞ ጫፉ የዋናውን ብረት ጆሮ ይደግፋል ወይም ይጠቀልላል። ዋናው ቢሰነጠቅ አክስሉ እንዳያመልጥ የሚያደርገው ያ ነው። እሱን ማውጣት ያለ ጥርጥር ስህተት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህንን ከነጋሪዎቹ አንዱም ሲያነሳው አይሰማም። በብዙ ቶዮታ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ዘንጉ የተያያዘው ከፍሬን ኃይል ማከፋፈያ ቫልቭ ጋር ነው። ኋላው ዝቅ ሲል ቫልቩ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይልካል፤ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ብረት አውጥተህ ኋላውን ዝቅ ካደረግህ፣ ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደ ተጫነ ይቆጥረዋል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና መኪናው ይሽከረከራል። መኪናውን በትልቅ ባሌስትራ ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ጭኖም ቢሆን የኋላ ፍሬኑ ደካማ ይሆናል። የባሌስትራው ቁመት በተለወጠ ቁጥር ይህ ዘንግ እንደገና መስተካከል አለበት።

ብረት ማውጣት የሚፈቀድበት ሁኔታ የለም ማለቴ አይደለም። ምንጊዜም ጭነት የማይጭን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያመላልስ መኪና ላይ ከመካከለኞቹ ብረቶች አንዱን አውጥቶ፣ የዩ ቅርጽ ያላቸውን ማሰሪያዎች በአዲስ ቀይሮ፣ ዳዶዎቹን ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ዳግም ማጥበቅ ይቻላል። መኪናው ግን ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና አይደለም፤ ባለቤቱ ሲሸጠውም ይህንን ለገዢው መንገር አለበት።

«ያረጀ ባሌስትራ ደክሟልና ለስላሳ ነው። በእሳት አሙቀን ብናስተካክለውም ይለሰልሳል።»

ተረት ነው፤ ሁለቱም።

የባሌስትራ ልስላሴ የሚወሰነው በብረቶቹ ውፍረት፣ ስፋት፣ ርዝመትና ብዛት ነው። ውፍረቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ የአንድ ብረት ውፍረት በ20 ከመቶ ቢቀንስ ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ርዝመትም ኃያል ነው፤ ረዘም ያለ ባሌስትራ በብዙ ይለሰልሳል። ዕድሜ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያረጀ ባሌስትራ ጉብጠቱን አጥቶ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ፣ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚመልሰው ኃይል ያው ነው። ዝቅ ስላለ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያንሰዋል፤ ትንሽ ጉድጓድ ሲያጋጥመው አክስሉ ከሻንሲው ሥር ካለው የጎማ ማቆሚያ ጋር ይላተማል። «ደረቀብኝ» ተብሎ የሚመጣው መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማቆሚያዎቹን ተንበርክኮ ማየት ይበቃል፤ ጥቁር አንጸባራቂ የምት ምልክት ካለባቸው፣ ከተቀደዱ ወይም ከጠፉ መልሱ ተገኝቷል።

እሳቱ የባሰ ነው። የባሌስትራ ብረት በፋብሪካ ሲሠራ ሞቆ በዘይት ይቀዘቅዝና በተመጠነ ሙቀት ይበስላል። ከሰል ላይ ቀይ እስኪሆን ሞቆ በአየር የቀዘቀዘ ብረት ይህንን ብስለት ያጣል። ምን ያህል ኃይል እንደሚመልስ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ምን ያህል ታግሦ እንደሚመለስ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ጭነት ሲመጣ ጎብጦ ይቀራል። ምናለሽ ተራን በመሰሉ ሥፍራዎች ብረት ሳያሞቁ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ጉብጠቱን የሚመልሱ እጀ ብልህ ባለሙያዎች አሉ፤ ያ ቁመቱን ይመልሳል፣ ብረቱም ጤነኛ ከሆነ ለጊዜው ያገለግላል። ስንጥቅ ያለበትን ብረት ግን መዶሻ አያድነውም።

«አሞርዛተር ቀይር፣ ያልቃል።»

አንዳንድ ጊዜ ያልቃል፣ አንዳንድ ጊዜ ይብሳል። አሞርዛተር፣ ብዙዎች ሾክ የሚሉት፣ ክብደት አይሸከምም። ዘይት በቀጫጭን ቀዳዳዎች እንዲያልፍ እያስገደደ የባሌስትራውን ውዝዋዜ ወደ ሙቀት ይለውጣል። የሞተ አሞርዛተር ያለው መኪና ይንሳፈፋል፣ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል። በዚህ ጊዜ አዲስ መግዛት ተገቢ ነው። መኪናው ግን የማይዘል፣ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ፣ «ከባድ ሥራ» ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ አሞርዛተር ያንኑ ድርቀት ያባብሰዋል። የተሠራው ለተጫነና ለተጠናከረ ባሌስትራ ነው፤ ለባዶ ፒክአፕ አልታሰበም።

ሞገድ ሞገድ በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ አሞርዛተር በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ምንም አይገታም። በናይትሮጅን ግፊት የሚሠሩት አሞርዛተሮች አረፋውን በማዘግየት ይበልጣሉ፤ ዋጋቸው የሚከፈለው ለዚህ ነው። «በፍጥነት ሂድ፣ ሞገዱ አይሰማህም» የሚለው ምክር በሰውነት ላይ እውነት ይመስላል፤ ጎማው ከጫፍ ጫፍ እየዘለለ ስለሚሄድ ነው። የማይነካ ጎማ ግን አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ከኩርባ በኋላ ፍየል ወይም ሕፃን ሲመጣ የሚፈለገው ያ ያልነካው ጎማ ነው።

«ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው ትክክለኛው አየር።» «ቆላ ስትወርድ አየር ቀንስ።»

ሁለቱም ተረት ናቸው። ብዙ ሰው ያለ ምንም ወጪ ሊያገኝ የሚችለውን ልስላሴ ያጣውም እዚህ ላይ ነው።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ከፍተኛ ክብደቱን ሲሸከም የሚያስፈልገው ግፊት ነው። ለጭነት የተሠራ ባለ 10 ድርብ ጎማ 80 ፒኤስአይ ሊል ይችላል። ያንን ሞልቶ ባዶ ፒክአፕ መንዳት ማለት ጎማውን ድንጋይ ማድረግ ነው። ለመኪናው የሚመከረው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ ባዶና የተጫነ ተብሎ ለየብቻ፣ ፊትና ኋላም ለየብቻ። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲል ይህን ቁጥር የሚመልስ ባለቤት ግማሽ ችግሩን ፈትቷል። ሹል ትንንሽ ድንጋዮችን የሚውጠው ጎማው ነውና፤ ባሌስትራው ለእነሱ አይደርስም። ድርብርቡ የበዛ ጎማ ራሱ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ፣ እሾህና ስለታም ድንጋይ በሌለበት መንገድ ለሚውል ቀላል መኪና ድርቡ አነስ ያለ ጎማ መግዛት የባሌስትራ ለውጥ ያህል ሊሰማ ይችላል።

በኮረኮንች ላይ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነትም አብሮ መውረድ አለበት፣ አስፋልት ሲደረስም በፖምፓ መመለስ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነገር ይረሳል፣ ሰውም ይሞትበታል። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያግለዋል፣ ሙቀቱ ንብርብሩን ያላቅቀዋል። ስለዚህ ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ «ሙቀት እንዳያፈነዳው» ብሎ አየር መቀነስ የሚፈራውን አደጋ መጥራት ነው። ደግሞም የሚያስገርም ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ 40 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ከ3 ፒኤስአይ በላይ ቀንሶ ያሳያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያንን ያህል መልሶ ይጨምረዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ጎማው በተሞላበት ቢቀጥል ምንም አይሆንም።

«የሃይሉክስን የፊት ብሎን ብናላላው ይለሰልሳል።»

ተረት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ ባለ አራት ጎማ ኃይል ሃይሉክሶችና ሌሎች የጃፓን ፒክአፖች ከፊት በመጠምዘዝ የሚሠራ ረጅም የብረት ዘንግ ነበራቸው። የማስተካከያው ብሎን የሚለውጠው የመኪናውን ቁመት ነው። ዘንጉ ያው ዘንግ ነው፣ ጥንካሬውም ያው። ሲላላ መኪናው ዝቅ ብሎ ማቆሚያውን ይመታል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣና በየጉድጓዱ ጫፍ ላይ «ጓ» ይላል። መኪናውን ከፍ ለማድረግ ብሎኑን አጥብቀው ከዚያ «ደረቀብኝ» የሚሉ ባለቤቶች፣ ወደ ፋብሪካው ቁመት ቢመልሱት ልስላሴው አብሮ ይመለስላቸዋል። የጎማ አቋሙ ግን ከዚያ በኋላ በመሣሪያ መስተካከል አለበት።

«የተቃጠለ ዘይት እርጭበት።»

ሐሳቡ እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ስህተት ነው። የባሌስትራ ብረቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት። ዝገትና ጭቃ በመካከላቸው ሲገባ ይጣበቃሉ፤ ትንንሽ እብጠቶች ሲመጡ ባሌስትራው ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ መኪናውም በጎማዎቹ ላይ ብቻ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ውዝዋዜው በሰከንድ ወደ 3 እና 4 ጊዜ ይጠጋል። የሰው አካል ከላይ ወደ ታች ለሚሄድ ንቅናቄ ይበልጥ የሚጋለጠው ከ4 እስከ 8 ባለው ክልል ስለሆነ፣ ድካሙና የጀርባ ሕመሙ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ ሰበቃውን መቀነስ ከሁሉም የሚበልጥ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፣ የአንዱንም ብረት ጥንካሬ ሳይነካ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን አቧራ ይሰበስባል። አቧራና ዘይት አንድ ላይ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናሉ። በባሌስትራው ጆሮዎች ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ከተፈጥሮ ጎማ የተሠሩ ከሆኑ ዘይቱ ያሳብጣቸዋል። ወደ ፍሬን የሚንጠባጠበውስ? ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው፦ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ሻንሲውን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ፣ ባሌስትራውን ማውረድና መፍታት፣ ዝገቱን በብሩሽ መፋቅ፣ ጫፎቻቸው ሌላውን ብረት የቆፈሩበትን ማለስለስ፣ ስንጥቅ መፈለግ፣ በመካከላቸው ግራፋይት ያለበት ቅባት ወይም ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ ንጣፍ ማድረግ። ሲገጠም ደግሞ የጎሚኒዎቹ ብሎኖች የመጨረሻው ጥብቀት የሚሰጣቸው መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የግራሶ ቀዳዳ ያላቸው ፔርኖዎች ግራሶ ያስፈልጋቸዋል፤ ለዓመታት ያላገኙ ብዙ ናቸው። የባሌስትራው ማንጠልጠያ ከተያዘ ባሌስትራው ሲጎብጥ የሚረዝምበት ቦታ ያጣል፣ አዲስም ቢሆን እንደ ደረቅ ጣውላ ይሆናል።

«ኋላው ላይ ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫን።»

እውነት ነው። ክብደት ሲጨምር በዚያው ባሌስትራ ላይ ውዝዋዜው ይዘገያል። ዋጋው ነዳጅ፣ ጎማና ከሚጫነው የሚቀነስ ኪሎ ነው። ከረጢቱ ካልታሰረ በግጭት ጊዜ ወደ ጋቢናው ይወረወራል፤ ስለዚህ በጋቢናውና በአክስሉ መካከል ከካሶኒው ወለል ጋር መታሰር አለበት።

«ባሌስትራን ጥለህ ሞላ ካላደረግህ አይለሰልስም።»

ተረት ነው፣ መነሻው ግን ይገባኛል። ሬንጅሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 በረጅም ሞላ ሲመጣ ሰው ሁሉ ልስላሴውን አየ፤ ላንድሮቨርም በ1983 ባለ 110ው መኪና ላይ ባሌስትራን ተወ። ቶዮታ ግን በ1999 የ70 ተከታታዩን ሲያድስ ፊቱን ወደ ሞላ ለወጠና ኋላውን ባሌስትራ አድርጎ አስቀረው፤ ያደረገው ባሌስትራውን ማስረዘም ነበር። አሮጌውን 75 ከታደሰው 79 ጋር ያነጻጸረ ሹፌር ልዩነቱን ያውቃል። ሞላ ጥቅሙ በብረቶች መካከል ሰበቃ የሌለው መሆኑ ነው። አክስሉን ስለማይዝ ግን የራሱ ዘንጎች ያስፈልጉታል፤ እነዚህን በአሮጌ ሻንሲ ላይ በብየዳ ማሰር ለማንም ጋራዥ የሚተው ሥራ አይደለም።

ሌላ መንገድ አለ። ብረቶቹ ጥቂት የሆኑ፣ ከመሐል ወፍረው ወደ ጫፍ የሚሳሱ፣ እርስ በርስ የሚነካኩት በመሐልና በጫፍ ብቻ የሆነ ባሌስትራ በውጭ ገበያ ይገኛል። ያንኑ ጭነት በአነስተኛ ሰበቃ ይሸከማል። ሲታዘዝ ሻጩ የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ይጠይቃል፤ ያ ብቻውን አይበቃም። መኪናው ሚዛን ላይ ይውጣ፦ ባዶውን፣ ከዚያም በተለመደው ጭነቱና ሰዎቹ፣ የፊትና የኋላ አክስሉ ለየብቻ። ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፣ የጣሪያ መጫኛ፣ የአምቡላንስ ዕቃ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ያንን የኋላ አክስል ኪሎ ለሻጩ የሰጠ ሰው የሚገዛው ባሌስትራ ለእሱ መኪና የተመጠነ ይሆናል።